አራት ቀን በሶል ዳክ ወንዝ ዳር

ሐሙስ፣ ጥቅምት 28

ጋሼ «አሥራ ሁለት ሰዓት» ካሉ የሐበሻውን አሥራ ሁለት ማለታቸው ነው። ሲያትል ሠላሳ ዓመት ታክሲ ነድተው ጡረታ ወጥተዋል፤ ሰዓታቸው ግን ዛሬም ወረታ እንደተሞላ ነው። ስለዚህ ፈረንጅ ስድስት በሚለው ሰዓት፣ ጎህ ሳይቀድ፣ ሬኒየር ቫሊ ደጃቸው ላይ መኪናዬን አቁሜ ጠበቅኋቸው። ሁለት ዘንግ፣ አንድ የበረዶ ሣጥን፣ ዌደር የሚባለውን እስከ ብብት የሚደርስ ውኃ የማያስገባ ሱሪ ጫንን። መጨረሻ ላይ አንድ ቋጠሮ ይዘው ወጡ፤ በሶ፣ ቆሎ፣ የሽሮ ዱቄት፣ ከላዩ ትንሽ የጋዝ ምድጃ።

«ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ጋሼ? ዓሣ አይደል እንዴ የምንበላው?»

«አንተ ብላ። እኔ ጽጌ ላይ ነኝ።»

ጽጌን የሚጾም ሰው ለዓሣ ማጥመድ አራት ቀን ሲሄድ አይቼ አላውቅም። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ሐበሻ ያለበት ቤት ሁሉ ያውቀዋል፤ ጋሼ «አይበላም» ከሚሉት ወገን ናቸው። «ማጥመድ ግን ጾም አይፈታም» ብለው የመኪናውን ቀበቶ አሰሩ። እኔ ደግሞ ሌላ ጭንቀት አለብኝ፤ ባለቤቴ ለሰኞ ማታ አራት እንግዳ ጠርታለች፣ የተጠሩትም «ሳልሞን አለ» ተብለው ነው።

የምንሄደው የኦሊምፒክን ባሕረ ገብ መሬት በሰሜን ዞረን ፎርክስ ወደምትባል ከተማ ነው። ካላዋ ከቦጋቺል ጋር ይገናኛል፣ ቦጋቺል ከሶል ዳክ ጋር፤ ከዚያ ኲሊዩት ተብለው ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ያህል ሄደው ፓስፊክ ውቅያኖስ ይገባሉ። የሳልሞን ወቅት እያለቀ ነው። ኪንግ የሚባለው ትልቁ ዘር አብዛኛው አልፏል፤ የቀረን ኮሆ ነው፣ አጥማጆች ሲልቨር የሚሉት። ኮሆ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ያህል ወንዝ ውስጥ ያድጋል፣ ያንኑ ያህል ጊዜ ባሕር ላይ ይወፍራል፣ ከዚያ የተወለደበትን ወንዝ በሽታው ለይቶ ይመለሳል፤ ዘሩን ተክቶ እዚያው ይሞታል። በዚህ ሰሞን ወንዙ ውስጥ ሁለት ዓይነት ኮሆ አለ። አንዱ ቀድሞ የገባ ነው፤ ቆዳው ቀልቷል፣ የወንዱ መንጋጋ ቆልመም ብሏል። ሌላው ከሰሞኑ ዝናብ ጋር ከባሕር የገባ፣ እንደ አዲስ ማንኪያ የሚያበራ። የሚፈለገው ሁለተኛው ነው። እሱ ደግሞ ዝናብ ካልመጣ አይገባም፤ ዝናብ ከበዛ ወንዙ ይደፈርስና አይጠመድም። ጣጣው ሁሉ እዚህ ላይ ነው።

ወደ ባይንብሪጅ ደሴት የሚያሻግረው ጀልባ 35 ደቂቃ ይፈጃል፤ ጋሼ ተኙ። የነቁት የሁድ ካናልን ድልድይ ስንሻገር ነው። ድልድዩ ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ነው፤ እ.ኤ.አ. የካቲት 1979 በተነሣ ከባድ ነፋስ ምዕራባዊ ግማሹ ሰጥሟል። ጋሼ ይህን ታሪክ ሠላሳ ዓመት ለተሳፋሪ ሲነግሩት ኖረዋል፣ ለእኔም ከነነፋሱ ድምፅ ነገሩኝ።

ስኩዊም ስንደርስ ብራ ሆነ። ይህች ከተማ በተራሮቹ ጀርባ ስለምትውል በዓመት የምታገኘው ዝናብ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሁለት ሰዓት የማይሞላ መንገድ ርቃ ያለችው ፎርክስ ደግሞ ሦስት ሜትር ገደማ ይዘንብባታል። ከባሕር የመጣው ዳመና ተራራውን ሲወጣ ውኃውን ሁሉ በምዕራቡ በኩል ይዘረግፍና ባዶውን ይሻገራል። ኮቴን አወለቅሁ። ጋሼ የእሳቸውን አላወለቁም።

ፖርት አንጀለስን አልፈን ኤልዋ ወንዝ ላይ እግራችንን ዘረጋን። እዚህ ሁለት ግድቦች ነበሩ፤ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1913፣ ሌላው በ1927 የተጠናቀቁ። የዓሣ መተላለፊያ ስላልተሠራላቸው ሳልሞን ከባሕር ስምንት ኪሎ ሜትር ያህል ከወጣ በኋላ ግንብ ይገጥመው ነበር። ከ2011 እስከ 2014 ባለው ጊዜ ሁለቱንም አፈረሷቸው። ኤልዋ ክላላም የሚባሉት የአካባቢው ነባር ሕዝቦች በ2023 መኸር፣ ግድቦቹ ከፈረሱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እዚሁ ወንዝ ላይ ኮሆ አጠመዱ። ለግድብ ቦንድ የገዛ ሰው (እኔም ገዝቻለሁ) ግድብ ለማፍረስ ገንዘብ ወጣ ሲባል ትንሽ ደንገጥ ይላል። ጋሼ ግን ውኃውን እያዩ ዝም ብለው ቆዩና «ርብም ተገድቧል። ነጭ ዓሣው አሁን በየት በኩል ይወጣ ይሆን?» አሉ።

የጣናው ነጭ ዓሣ በክረምት ከሐይቁ ወጥቶ ጉማራንና ርብን ሽቅብ እንደሚሄድ እኔም ባሕር ዳር ሳድግ እሰማ ነበር። ከሳልሞን ጋር አንድ ነገር ነው ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ልዩነቱ፣ ነጭ ዓሣ እንቁላሉን ጥሎ ወደ ሐይቁ ይመለሳል።

ፎርክስ ከመድረሳችን በፊት ብርሃን ሳለ ሶል ዳክ ላይ ደረስን። ውኃው ዝቅ ያለና መስታወት የመሰለ፤ የታችኛው ጠጠር አንድ በአንድ ይቆጠራል። ለዓይን ያማረ፣ ለአጥማጅ ክፉ፤ እኛ ካየነው እሱም አይቶናል። አንድ ሰዓት ያህል ወረወርን፣ አንድም የነካን የለም። ሲመሽ ካፊያ ጀመረ። ጋሼ እጃቸውን ዘርግተው ጠብታውን ያዙና «ሞቅ ይላል» አሉ። አልወደዱትም። ሞቃት ዝናብ ከሐዋይ አቅጣጫ የሚመጣው ነው፤ እዚህ ሰዎች ፓይናፕል ኤክስፕረስ ይሉታል። ውኃ ማዝነቡ ሳያንስ ተራራው ላይ ያለውን አዲስ በረዶ አቅልጦ ያወርደዋል።

ዓርብ፣ ጥቅምት 29

ሌሊቱን የሞቴሉ ቆርቆሮ አላስተኛንም። የሐምሌ ዶፍ አውቃለሁ፣ ግን የሐምሌ ዶፍ ነጎድጓዱን አሰምቶ፣ አንድ ሁለት ሰዓት ወርዶ ያባራል። ይሄኛው አይቸኩልም። ያለ መብረቅ፣ ያለ ጩኸት፣ በአንድ ድምፅ ያድራል።

ጠዋት ስልኬ ላይ የካላዋን ወንዝ መለኪያ ከፈትኩ። መስመሩ እስከ እኩለ ሌሊት ተኝቶ ቆይቶ ከዚያ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ወንዙ በአንድ ሌሊት ከአንድ ሜትር በላይ ሞልቷል። ድልድዩ ላይ ሄደን አየነው፤ ቀለሙ ወተት የበዛበት ሻይ፣ መሃሉ ላይ ከነሥሩ የተነቀለ ዛፍ ይጋልባል። አጠገባችን መኪናውን ያቆመ ሰው መስኮቱን ዝቅ አድርጎ አየ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ዞሮ ሄደ።

ቦጋቺል የሚለው ስም የአካባቢው ነባር ሕዝብ በሆኑት በኲሊዩቶች ቋንቋ «ከዝናብ በኋላ የሚደፈርስ» እንደማለት ነው ይላሉ። ስሙ የተሰጠው በዛሬው ዓይነት ቀን መሆን አለበት። ከእሱ በስተደቡብ ያለው ሆህ ደግሞ ከኦሊምፐስ ተራራ ግግር በረዶ ስለሚነሣ አንዴ ከደፈረሰ ቶሎ አይጠራም። ሶል ዳክ ግግር በረዶ የለበትም፤ ዝናቡ ሲያቆም ከሁሉ ቀድሞ የሚጠራው እሱ ነው። ተስፋችንን እሱ ላይ ጥለን ቀኑን የምንገፋበት ነገር ፈለግን። ፎርክስን ዓለም የሚያውቃት በቫምፓየር ልብ ወለድ ነው፤ ሱቁ ሁሉ ጥርስና ጥቁር ካባ ይሸጣል። ጋሼ አንዱን መስኮት ለረጅም ጊዜ አዩና ምንም ሳይናገሩ አማተቡ።

ወደ ላ ፑሽ ወረድን፣ ወንዙ ባሕር ወደሚገባበት። የኲሊዩቶች መንደር ነው። ደለል የተሸከመው ውኃ ከባሕሩ ማዕበል ጋር ሲጋጭ ቡናማና ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ከዳር እስከ ዳር ነፋሱ ያመጣው ግንድ ተከምሯል። አንዳንዱ ግንድ እኔ ቆሜ የማልደርስበት ውፍረት አለው። መኪና ማቆሚያው ላይ አንድ አጥማጅ አገኘንና ስለ ወንዙ ስናወራ ወሬው ኲሊዩቶች ወደሚያጠምዱበት መረብ ዞረ። «ዓሣውን የሚጨርሱት እነሱ ናቸው» አለ፣ በአገጩ ወደ መንደሩ እያመለከተ።

ነገሩ የቆየ ነው። ነባሮቹ ሕዝቦች እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ መሬቱን ሲለቁ በለመዱት ቦታ ማጥመዳቸውን ውል አስገብተው ነበር፤ መቶ ዓመት ያህል ግን ውሉን የሚያስታውስ ጠፍቶ በገዛ ወንዛቸው ሲታሰሩ ኖሩ። እ.ኤ.አ. በ1974 ዳኛ ጆርጅ ቦልት ውሉን አንብቦ፣ ሊጠመድ ከሚችለው ዓሣ እስከ ግማሹ የእነሱ ነው ብሎ ፈረደ። ሰውዬው ከሄደ በኋላ ለጋሼ ይህን ብነግራቸው ሳቁ። «በአባቱ ወንዝ ላይ ግማሹን ለሌላ የሰጠ ሰው ነው እንዴ የሚወቀሰው? ያኮረፈ እንደሆነ ማኩረፍ ያለበት እሱ ነበር።»

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አባርቶ ሰማዩ ተከፈተ። ነፋሱ ከምዕራብ ወደ ሰሜን ምዕራብ ዞረ፣ ብርዱ መጣ፣ ኮረብታዎቹ ላይ አመዳይ የመሰለ በረዶ ታየ። ይህ ጥሩ ዜና ነው፤ ላይ ላዩ ሲበርድ በረዶው መቅለጡን ያቆማል። ወደ ሶል ዳክ ሄድን። ጋሼ አንድ እንጨት ሰብረው ልክ የውኃው ጫፍ ላይ ተከሉ። ከዚያ ግንድ ላይ ተቀምጠን ሻይ ጠጣን። የስልኬ መለኪያ በየሰዓቱ ይለወጣል፤ የጋሼ እንጨት ግን እዚያው ዓይናችን ሥር ነው። ከአርባ ደቂቃ በኋላ በእንጨቱና በውኃው መሃል አንድ ስንዝር እርጥብ አሸዋ ተገለጠ።

ዓርብ ስለሆነ ዘጠኝ ሰዓት እስኪሞላ ምንም አልቀመሱም። ሲሞላ በሶውን በጥብጠው እየጠጡ ጉማራን አነሱ። በልጅነታቸው ነሐሴ ላይ ነጭ ዓሣው ሲወጣ መንደሩ ሁሉ ወንዝ ይወርዳል። ገብ ውኃ ይከትራሉ፣ የብርብራ ፍሬ ወቅጠው ይነሰንሱበታል፣ ዓሣው ሰክሮ ሆዱን ወደ ላይ ገልብጦ ይንሳፈፋል። «በቅርጫት ነበር የምንሰበስበው። ትንሹንም ትልቁንም። እንቁላል የሞላትን እናቲቱንም።» ዝም አሉ። «አሁን ሳስበው የሚቀጥለውን ዓመት ነበር በቅርጫት የምንሰበስበው።»

እንጨቱን ስንለቅ ውኃው ሁለት ስንዝር ሸሽቶ ነበር።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 30

ለዛሬ ጀልባ ያለው መሪ ቀጥረናል። ጀልባዋ ድሪፍት ቦት የምትባለው ዓይነት ናት፤ ታቿ ጠፍጣፋ፣ አፏና ጭራዋ እንደ ሙዝ ሽቅብ የቀና፣ ሞተር የሌላት። መሪው ወሬ የማያበዛ የስድሳ ዓመት ሰው ነው፤ ጋሼ «ሾፌሩ» አሉትና ቀኑን ሙሉ ስሙ ያ ሆነ።

ገና ከመነሻችን እኔ ተዋረድኩ። ጀልባዋን ወደ ውኃ ስንገፋ ቋጥኙ ላይ ያለው አልጌ አንሸራቶኝ በቂጤ ቁጭ አልኩ፤ በዌደሬ አንገት በኩል የገባው ውኃ ቀስ እያለ እስከ ካልሲዬ ወረደ። ጋሼ አልሳቁም። ያለመሳቃቸው ነው ያሳፈረኝ።

ውኃው ግን! ትናንት ቡናማ የነበረው የወይራ ቅጠል ቀለም ይዟል፤ ጉልበት ድረስ ይታያል፣ ከዚያ በታች አይታይም። ሾፌሩ አንዴ አየና «ይሄ ነው» አለ። ጋሼ ዓሣውን ትተው ቀዘፋውን ያያሉ። ፊቱን ወደ ቁልቁለቱ አዙሮ ተቀምጦ ወደ ኋላ፣ ከወራጁ ተቃራኒ ይቀዝፋል፤ ወንዙ ይገፋዋል፣ እሱ ይይዛል። «አየህ ልጄ፣ ነዳጅ አይረግጥም። ፍሬን ብቻ ነው የሚነዳው። ዳገት ላይ በረዶ ሲጥል ታክሲ እንዲህ ነው።» ይህን ስተረጉምለት ሾፌሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ።

አየሩ ዛሬ ያላሳየን ነገር የለም። ስንነሣ ጉም ነበር፤ ከጀልባዋ አፍንጫ ወዲያ አይታይም፣ ወንዙ የሚሄድበትን በጆሮ ነው የምናውቀው። ሦስት ሰዓት ላይ ጉሙ ተገፈፈና ፀሐይ ወጣች፤ በሁለቱም ዳር ያለው የዛፍ ሽበት የለበሰ ዛፍ ሁሉ ጢስ ማጤስ ጀመረ። ጃኬቴን አወልቄ ሳልጨርስ በረዶ ወረደ፣ ጥራጥሬ የሚያክል፣ የጀልባዋን ወለል እንደ ቆሎ ምጣድ የሚያንጣጣ። ከዚያ ወጨፎ። ከዚያ ደግሞ ፀሐይ። ጋሼ ኮፍያቸውን አንድ ጊዜ እንኳ አላነሱም።

ኮሆ ወራጁ መሃል አይቆምም። ውኃው ዞር ብሎ የሚያርፍበት፣ የወደቀ ግንድ ያለበት፣ አረፋ የሚሽከረከርበት ጥግ ይወዳል። ሾፌሩ እንዲህ ካለው ጥግ ፊት ጀልባዋን ይይዝልናል፣ እኛ ጂግ እንወረውራለን። ጂግ ማለት የእርሳስ ጭንቅላት ያለው መንጠቆ ነው፣ ላዩ ላይ ላባ ወይም የጥንቸል ጠጉር ታስሮበታል። የእኔ ሐምራዊ ነበር። ወርውረህ እንዲሰጥም ትተወዋለህ። የዘንጉን ጫፍ ነቅነቅ ታደርጋለህ፣ ጂጉ ዘለል ይላል፤ ክሩን ትሰበስብና ትተወዋለህ፣ ይወድቃል። ዓሣው የሚይዘው ሲወድቅ ነው። ስለዚህ ከጎተተህ አታውቀውም፤ ክሩን ማየት አለብህ።

እስከ ስድስት ሰዓት አየሁት። ጣቶቼ የእኔ መሆናቸው አጠራጠረኝ።

ስፕሩስ የሚባል አንድ የወደቀ ዛፍ ሥር ወረወርኩ። ጂጉ እየሰጠመ ሳለ ክሩ ከመውረዱ መሃል ቆመ። መነካት አልነበረም፤ ቆመ ብቻ። ሾፌሩ «አሁን!» ሲል ዘንጉን አነሣሁና ከወዲያኛው ጫፍ አንድ ከባድ ነገር ራሱን ነቀነቀ። ቀጥሎ ውኃው ተከፈተና ዓሣው በቁመቱ ወጣ፣ ብር። ሁለቴ ዘለለ። ከዚያ ኮሆ የሚታወቅበትን አደረገ፤ እየተንከባለለ ክሩን በገላው ላይ ጠመጠመ። መንጠቆው እሾህ የለውም፤ ክሩ ለአፍታ ከላላ ወልቆ ይሄዳል። የቆጠርኩት ነገር የለም፣ ግን ጋሼ «አትፍታው፣ አትፍታው» ያሉኝ አሥር ጊዜ ይሆናል።

ሾፌሩ መረቡን ከሥሩ አገባለት። አላወጣውም፣ መረቡን ውኃው ውስጥ እንዳለ ያዘው። ሴት ናት፣ አምስት ኪሎ የምትሞላ፣ ጀርባዋ የብረት ሰማያዊ። ጭራዋ አጠገብ ሁለት የባሕር ቅማል ተጣብቀውባታል፤ ይህ ቅማል ጨው በሌለበት ውኃ ብዙ ቀን ስለማይቆይ፣ ዓርብ ዶፉ ሲወርድ የገባች ናት ማለት ነው። ባለቤቴን አሰብኩ። አራቱን እንግዶች አሰብኩ። ሚጥሚጣውን፣ ሎሚውን፣ የምድጃውን ሙቀት ሳይቀር አሰብኩ።

ሾፌሩ በጣቱ ጀርባዋን ተከትሎ ወደ ጭራዋ ወረደና ቆመ። ከጭራዋ በላይ አንዲት ክንፍ አለች፤ አጥንት የላትም፣ የአውራ ጣት ጥፍር ታክላለች፣ ለስላሳ ናት። እዚያው ነበረች።

መፈልፈያ ጣቢያ የሚያድጉ ኮሆዎች ገና የጣት ርዝመት ሳሉ ይህቺ ክንፋቸው ትቆረጣለች። ክንፍ የሌለው የሰው እጅ ያሳደገው ነው፣ ይወሰዳል። ክንፍ ያለው ወንዙ የወለደው ነው፤ በያዝነው ደንብ ይመለሳል፣ ፎቶ ለመነሣት ተብሎ እንኳ ከውኃ ሙሉ በሙሉ አይወጣም።

«እርግጠኛ ነህ?» አልኩት። እያየሁት ነው የጠየቅሁት።

መልስ አልሰጠኝም። መንጠቆውን ነቀለ፣ መረቡን ዝቅ አደረገ። የጭራዋን መጋጠሚያ ይዤ ፊቷን ወደ ወራጁ አዞርኩላት። ስንጥቧ ሲከፈትና ሲዘጋ በእጄ ይሰማኛል። አንድ ጊዜ ቀስ ብላ ተወዛወዘች፣ ቀጥሎ ጓንቴን በውኃ ሞልታ ሄደች።

«ደህና ግቢ» አሉ ጋሼ፣ እንደ ዘመድ።

የቀረውን ቀን ጋሼ አንድ ቀይ ወንድ ያዙ፤ እሱም ባለ ክንፍ፣ የጠቆረና ጥርሱ የወጣ። መለሱት። ዳር ዳሩን የሞቱት ተጋድመዋል፤ ዓይናቸውን ወፍ የወሰደው፣ ቆዳቸው እንደ ረጠበ ወረቀት የነጣ። ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። ንስሮቹ ቅርንጫፍ ላይ ጠግበው ተቀምጠዋል። ሾፌሩ ግዙፉን ስፕሩስ በአገጩ እያመለከተ «ይሄ ዛፍ ዓሣ ነው» አለ። ሳልሞኑ ከባሕር ይዞት የመጣው ናይትሮጅን በድብና በወፍ እየተጎተተ ሥሩ ድረስ እንደሚደርስ ተመራማሪዎች ለክተውታል። ጋሼ ስተረጉምላቸው «ታዲያ እኛስ ምንድን ነን?» አሉ፤ ቀልድ ይሁን ቁም ነገር አልገባኝም።

ሞቴል ስንመለስ ባለቤቴ «ስንት ያዝክ?» ብላ ጽፋለች። ስልኩን ገልብጬ አስቀመጥኩት።

እሑድ፣ ኅዳር 1

ውርጭ። የመኪናው መስታወት በካርድ ተፋቀ። ልደታ ናት፣ እሑድም ነው፤ ጋሼ ቤተ ክርስቲያን የቀሩበት እሑድ እንደሚቆጠር አውቃለሁ። መኪናው ውስጥ ማሞቂያው እየነፋ ውዳሴ ማርያማቸውን አንብበው እስኪጨርሱ ውጭ ቆምኩ። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ነፋስ የለም፣ ወንዙ ላይ ብቻ ቀጭን እንፋሎት። ከአራት ቀን አየር አንዱ እንኳ ከሌላው አልተወረሰም።

ወደ ቤት ከመነሣታችን በፊት ሁለት ሰዓት አለን። ዓርብ እንጨት የተከልንበት ቦታ ሄድን፤ እንጨቱ አሁን ከውኃው አሥር እርምጃ ርቆ ደረቅ ጠጠር ላይ ቆሟል፣ የማያውቅ ሰው ለምን እንደቆመ አይገባውም። ውኃው ከትናንቱ ጠርቷል። ጋሼ ጂጉን ፈተው ስፒነር አሠሩ፣ የሚሽከረከር ቅጠል ያለውን። «ሲጠራ ትንሽ ነገር፣ ሲጨልም ትልቅ ነገር» አሉ። እኔ ጂጌን አልቀየርኩም፤ ትናንት ሠርቶ የለ? ይህ ግትርነት ነው፣ አውቃለሁ።

ዘንጋቸው ሲታጠፍ ድምፅ አላሰሙም። ዞሬ ሳይ ግራ እጃቸው የክሩን መጠቅለያ ይዞ፣ ቀኝ እጃቸው ቀና ብሎ፣ ልክ መሪ እንደያዙ ተረጋግተው ቆመዋል። ዓሣው ወደ ግንዱ ሮጠ፤ ዘንጉን ወደ ጎን አጋደሙና መለሱት። እንደገና ሮጠ፤ እንደገና መለሱት። ጥልቀት የሌለው ጠጠር ላይ ሲደርስ መረቡን ይዤ ገባሁ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ።

ጀርባውን በጣቴ ተከተልኩ። ከጭራው በላይ ምንም የለም። ድሮ የዳነ ቁስል የመሰለ ልሙጥ ቦታ ብቻ።

«የለም ጋሼ! የለም!»

«ምኑ?»

«ክንፉ!»

«ተመስገን» አሉና በዱላ አንድ ጊዜ ራሱን መቱት። ደንቡ ዓሣው እንደተያዘ ወዲያው አጥማጁ በያዘው የመመዝገቢያ ካርድ ላይ በእስክሪብቶ እንዲጻፍ ያዛል። ካርዱን ከደረት ኪሳቸው አወጡ፣ በላስቲክ ተጠቅልሏል። እስክሪብቶው በብርዱ አልጽፍ አለ፤ በብብታቸው አሞቁት። ቀኑን ሲሞሉ ትከሻቸው ላይ ሆኜ አየሁ። ወር በሚለው ቦታ 3፣ ቀን በሚለው 1 ጽፈዋል።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ የሐበሻው ነው። መጋቢት ሊሉት ነው።»

ካርዱን ራቅ አድርገው አዩት። ሰረዙትና ከጎኑ 11/10 ብለው ጻፉ፤ ፊርማቸውንም አከሉበት፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

አራት ኪሎ ግድም ይሆናል። ጎኑ ላይ ትንሽ ቅላት ጀምሮታል፤ ሥጋው ግን ሲከፈት ገና ብርቱካን ነበር። የእኔ ጂግ አንድም የነካው የለም።

ስንመለስ በፓርኩ ክልል ውስጥ ሳልሞን ካስኬድስ ወደሚባለው ቦታ ገባን። እዚያ ማጥመድ የለም፣ ማየት ብቻ ነው። ወንዙ በጠባብ የድንጋይ ጉሮሮ ተንደርድሮ ይወርዳል፤ ኮሆዎቹ ከሥር ካለው አረፋ እየተተኮሱ ይወጣሉ። አንዱ ድንጋይ ይመታል፣ አንዱ ወደ ጎን ይወድቃል። አንድ ቀይ ወንድ ከአንድ ቦታ አምስት ጊዜ ዘለለ፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ምልክት ስላለው ነው የለየሁት። በስድስተኛው ቀጭኗን የውኃ ምላስ አገኛት፣ ጭራውን አርገበገበ፣ ተሻገረ። አጠገባችን የነበረች ሕፃን አጨበጨበች። ጋሼ የእንጨቱን አጥር በሁለት እጃቸው ይዘው ጀልባው እንዳያመልጠን እስክጎትታቸው አልተነቃነቁም።

ሬኒየር ቫሊ የደረስነው ከመሸ ነው። ወጥ ቤታቸው ገብተን ዓሣውን ጠረጴዛው ላይ አጋደሙት፤ ከመሃል ለሁለት ከፈሉት። የራሱን ወገን ለእኔ ጠቀለሉልኝ። «ሥጋው ለእንግዶቹ ይበቃል። በራሱ ሾርባ ትሥራበት በላት።»

«እርስዎ ነዎት እኮ የያዙት።»

«መረቡን ማን ያዘ?»

የጭራውን ወገን በላስቲክ ጠቅልለው ላዩ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጠፉበት። በዚያው በብብታቸው ባሞቁት እስክሪብቶ «ለቁስቋም» ብለው ጻፉና ማቀዝቀዣው ውስጥ፣ ከበርበሬው ከረጢት ጎን አስቀመጡት። ኅዳር 6 አምስት ቀን ቀርቶታል።